የሬድዋን የልደት ካርድ

ከበበውን አሰልጣኝ ይሉታል። ማን እንዳለው እንጃ! ጀሞ ኮንዶሚኒየም መሀል ባለችው የሲሚንቶ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የተንጎራደደ፣ ኳስ ለማንሳት ካጎነበሰ ለመቃናት የሰው እጅ የሚፈልግ ሰውዬ ነው። ልጆቹ ሲሮጡ እሱ ጥላ ይዞ ስልኩን ይጎረጉራል። ዋንጫ የመጣ ቀን ግን ፎቶው ላይ መሀል የሚቆመው እሱ ነው፤ ዋንጫውንም ሆዱ ላይ ያስደግፈዋል። የሰፈሩ ልጅ ሱልጣን ይህን ሁሉ እያየ ነው ያደገው። እያየም ተከተለው። ስለዚህ ከበበውን በናቀ ቁጥር ንቀቱ ዞሮ እሱው ላይ ያርፋል።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሱልጣን ያኔ አስራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አገጩ ላይ አንዲት ፀጉር ያልበቀለችበት። ከአስራ አምስት ዓመት በታች የወረዳ ውድድር ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ከበበው ጠራው።

«ታናሽ ወንድም አለህ አይደል?»

«ሬድዋን። አስራ አራት ዓመቱ ነው።»

«የልደት ካርዱን ይዘህልኝ ና። ፂም የለህ፣ ምን የለህ፣ ማን ያውቅብሃል?»

እናቱ ላፍቶ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። «ወንድሙ አይደል እንዴ! የባዕድ መሰላችሁ?» ብላ ካርዱን ከቁም ሳጥን አውጥታ ሰጠችው። በሌላው ቤት ታናሽ የታላቁን ልብስ ይለብሳል፤ በዚህ ቤት ታላቅየው የታናሹን ስም ለበሰ። ሬድዋንን ትፈቅዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሱልጣን ሕፃናት ላይ ነገሠ። በመጀመሪያው ጨዋታ ብቻውን ሠላሳ አራት ነጥብ አስቆጠረ። ምን ይገርማል? የሚከላከሉት ልጆች ብብቱ ስር ነው የሚደርሱት። አንዱ ትንሽ ልጅ ደረቱ ላይ ተላትሞ ወደቀና መሬት ላይ ተቀምጦ «ይሄ እኮ ሰውዬ ነው!» እያለ አለቀሰ። ዳኛው ሳቀ። ተመልካቹም ሳቀ። ሱልጣንም አብሮ ሳቀ።

ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ከተማ አለፉ። በዓመቱ ከአስራ ሰባት ዓመት በታች ገባ። ምርጥ ፎርዋርድ ተባለ፣ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፣ «ሬድዋን! ሬድዋን!» እየተባለ ተጨፈረለት። ሰፈሩ በሙሉ ሱልጣን መሆኑን ያውቃል፤ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ብሏል። ሜዳ ላይ ስሙ አምልጧቸው «ሱሌ» የሚሉትን ጓደኞቹን ከበበው በፊሽካ ገመድ ይገርፋቸው ነበር። እንዲህ ያለ ተግሣጽ ላይ ጎበዝ ነው።

ዘንድሮ የከተማው ፍጻሜ ላይ ማኑሄ መጣ። ማኑሄ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ያለ የአንድ የግል ኮሌጅ ቡድን አሰልጣኝ ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ያያል። ጨዋታው ሲያልቅ ሱልጣንን ስንተኛ ክፍል ነህ አለው። «አስራ ሁለተኛን ጨርሷል!» ብሎ ከበበው ቀደመ። «በአስራ ስድስት ዓመቱ! ጭንቅላቱ ሌላ ነው።» ክፍል መጨረሱስ እውነት ነበር፤ ሱልጣን ፈተናውን በገዛ ስሙ ተፈትኖ አልፏል። የኮሌጅ ክፍያ ግን እናቱ የምትችለው ነገር አይደለም፤ ያለው መንገድ ኳሷ ብቻ ናት።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። በነፃ ተምሮ ለኮሌጁ እንዲጫወት ተፈቅዶለታል፤ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱንና የፋይዳ መታወቂያውን ይዞ እንዲቀርብ ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ለሬድዋን ነው። ሬድዋን አስረኛ ክፍል ነው፤ ኳስ ሲያነጥር ከራሱ እግር ጋር ይጋጫል። ውጤቱም የፋይዳው አሻራም የሱልጣን ነው።

እሁድ ከሰዓት ከበበው እቤት ድረስ መጣ። የቀረበለትን ለስላሳ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰና «መፍትሔ አለኝ» አለ። «ሱልጣን ፍርድ ቤት ሄዶ ስሙን ያስቀይራል። ሬድዋን ይባላል። አለቀ።»

እናትየው ግራ ገባት። «ሬድዋንስ?»

«ለእሱ ደግሞ ሌላ ስም እንፈልግለታለን። ስም ምን ጠፍቶ!»

ሱልጣን ጆሮውን ማመን አቃተው። ሰውዬው እየቀለደ አልነበረም፤ ሌላ ለስላሳ ይኖር እንደሆነ ማቀዝቀዣውን እያየ ነበር። ጥግ ተቀምጦ የነበረው ሬድዋን ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ኮች፣ አምና ወረዳ ሄጄ ነበር» አለ። «በረኛ ነኝ እኮ እኔ። ለእግር ኳስ ልመዝገብ ብዬ ካርዴን ሰጠኋቸው። መዝገቡን አዩና ሬድዋን የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ነው፣ አንተ የማንን ካርድ ሰርቀህ ነው የመጣኸው፣ ሌባ ብለው አባረሩኝ።»

«ውይ ልጄ! ለምን አልነገርከንም?» አለች እናቱ።

«ለማን? ሬድዋን ሜዳሊያ አመጣ እያላችሁ ለእንግዳ ስታሳዩ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ዞር ብሎ ያየኝ አለ?»

ሱልጣን እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። እሱ የተዋሰው ካርድ ብቻ ነበር የመሰለው፤ ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሙን ከሜዳ አባሮት ኖሯል። ተነሳና «ኮች፣ ነገ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ» አለ።

ከበበው ፊቱ ቀላ። «እበድ! ዋንጫው ይነጠቃል፣ ኮሌጁም ይቀርብሃል! ደግሞ ስሜን እንዳትጠራ፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም። አንተ ነህ ያታለልከኝ!»

«እሺ፣ እኔ ነኝ ያታለልኩዎት» አለው ሱልጣን። ከዚህ ሰውዬ ጋር መከራከር እንኳ ቀፈፈው።

በማግስቱ ወረዳ ሄዶ ጽፎ ፈረመ፣ ሜዳሊያዎቹንም ጠረጴዛው ላይ ቆለላቸው። ጸሐፊዋ መሳቢያ ከፍታ እንደ ተበላሸ ቁልፍ ወረወረቻቸው። ከዚያ ታክሲ ይዞ ለቡ ወረደ።

ማኑሄ የሬድዋንን ደብዳቤና የሱልጣንን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበ።

«ዕድሜህ?»

«አስራ ዘጠኝ።»

«እና ያ ሁሉ ነጥብ ሕፃናት ላይ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ የፈለግኩት የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። እሱ የለም። ሕፃን የሚያሸንፍ ጎረምሳ ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል።» ወረቀቱን መለሰለት። «ቅዳሜ ሙከራ አለ። እንደማንም ተሰልፈህ ና።»

ቅዳሜ ሄደ። ያን ቀን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኩዮቹ ጋር ተጫወተ። ራጉኤል የሚባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሱልጣን መጀመሪያ የወረወራትን ኳስ ከአየር ላይ መታበት። ሁለተኛዋንም። በሦስተኛው ጊዜ ኳሷን ብቻ ሳይሆን ሱልጣንንም ጭምር ግድግዳ ስር አሳረፈውና «ተነስ እንጂ ኮከቡ!» ብሎ ተሳለቀበት። የከተማው ምርጥ ፎርዋርድ ወደ ግራ መዞር አያውቅም ነበር፤ ልጆች ላይ ወደ ግራ መዞር አያስፈልግማ! ከበበው በሁለት ዓመት ያስተማረው ነገር ቢኖር ከትንንሾች ጋር መጋጠምን ብቻ ነው። ሱልጣን ግድግዳው ስር ተቀምጦ ያንን የሚያለቅስ ልጅ አስታወሰው። ከዚያ ተነሳና ሮጠ። ነጥብ ባያስቆጥርም የወደቀች ኳስ ሁሉ ላይ እየተወረወረ ክርኑ እስኪላጥ ተጫወተ።

«አስራ ሁለተኛ ተጫዋቻችን ነህ» አለው ማኑሄ ሲጨርሱ። «ከአንተ በታች ያለው ወንበሩ ነው። ክፍያው ይቀርልሃል። ግራ እጅህን ከዜሮ እንጀምራለን።»

አራት ወር ሙሉ በግራ እጁ ኳስ ሲያነጥር ከረመ፤ ጨዋታ በመጣ ቁጥር ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ሬድዋን በበኩሉ ካርዱ ተመልሶለት ለወረዳው በረኛ ሆነ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ገባበት፣ እየዘፈነ ቤት ገባ።

የኮሌጆች ውድድር ሦስተኛ ጨዋታ ላይ ቤተሰቡ ሊያይ መጣ። በር ላይ ማን ቆሟል? ከበበው! ፊሽካውን አንጠልጥሎ «ይሄን ልጅ እኔ ነኝ ከመሬት ያነሳሁት» እያለ ለጥበቃው ይተርካል። ሱልጣን አጠገቡ አለፈ። ሰላምም አላለውም።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር ራጉኤል አምስተኛ ፋውል ሠርቶ ወጣ። ማኑሄ ወደ ወንበሩ ዞሮ «ሱልጣን!» አለ።

ሱልጣን አልተነሳም። ውድድር ላይ በዚህ ስም ተጠርቶ አያውቅም፤ ማን ይሆን ብሎ እሱም እንደሌሎቹ ዞር ዞር አለ። ማኑሄ «ሱልጣን!» ብሎ ጮኸ። ጆሮው አሁንም የሌላውን ስም ነበር የሚጠብቀው።

ያኔ ከተመልካቹ መሀል አንድ የጎረመሰ ድምፅ ተሰማ።

«አንተን ነው እኮ! ሬድዋን እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ! ተነስ!»