ከሥር ያልተተኮሰው

እኛ ቢሮ ሰው ማለት አንድ ድቡልቡል ኳስና ጥቂት በርሜሎች ነበር። ኳሱ ጭንቅላቱ ነው፤ በርሜሎቹ ደረቱ፣ ክንዱና እግሩ። ብረት ለበሱም እንደዚያው ከሳጥንና ከበርሜል ይገጣጠማል። ሃርላን ፕሩት ከንድፉ ላይ ይለካል፣ እኔ ቁጥሩን በቀዳዳ መልክ ካርድ ላይ እበሳለሁ፣ ካርዱን ኮምፒውተር የሚሉት ማሽን ይበላዋል። ከዚያ ማሽኑ በዚያ የቁጥር ተሽከርካሪ ላይ እንደ ጥይት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይተኩሳል። እያንዳንዱ መስመር በመንገዱ ያገኘውን በተራ ይናገራል፦ ብረት፣ ነዳጅ፣ ሰው። ውጭ፣ አበርዲን በተባለው የአሜሪካ ጦር የሙከራ ሜዳ ላይ፣ እውነተኛው መድፍ ሲያጓራ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። እኛ ግን አንዲት ጥይት ሳናባክን ስንቱን ገደልነው! እንኮራበት ነበር።

እንደ ሃርላን የሚያምንበት ግን አልነበረም። ማሽኑ ያለውን ከቄስ ቃል አስበልጦ ይሰማል። አንድ ልጁ ዴል ቬትናም ዘምቶ፣ ለአጭር እረፍት መጥቶ፣ ተመልሶ ሊሄድ ሲል ቤታቸው እራት ጠሩኝ። ሚስቱ ኦፓል ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ትኩስ ሸርጣን ዘረገፈችበት። በእንጨት መዶሻችን እየሰበርን፣ ቢራችንን እየጠጣን ሳለ ሃርላን ልጁን ጠየቀው።

«ብረት ለበሱ ውስጥ የትኛው መቀመጫ ላይ ነው የምትቀመጠው?»

ዴል ሳቀ። «ውስጥ? ማን አብዶ! ወለሉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ደርድረን፣ እኛ ሁላችንም ጣራው ላይ ነን።»

«ጣራ ላይ? እንደ ዶሮ?»

«አዎ፣ እንደ ዶሮ። አባዬ፣ ፈንጂው መሬት ውስጥ ነው ያለው፤ ከሥር ነው የሚመጣብን። ያ ወለል ደግሞ የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም።»

ሃርላን መዶሻውን አስቀመጠ። «ስማ፣ እኔ ያን መኪና ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ። ዙሪያውን በሙሉ ተኩሰንበታል። ጣራ ላይ ያለ ሰው ከየትም ይመታል፤ ውስጥ ላለው ግን ብረቱ ብዙውን ያስቀርለታል። ይሄ የጫካ ወሬ አይደለም፣ ሂሳብ ነው። ቨርና፣ ንገሪው እንጂ!»

«ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«እትዬ ቨርና፣ የእናንተ ማሽን ጫካ ሄዶ ያውቃል?»

«አንተ ልጅ!» አለች ኦፓል፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። «እሺ በለው በቃ። እኔም እንቅልፍ ይውሰደኝ።»

«ማልልኝ» አለ ሃርላን። «እናትህ ትስማ። ውስጥ እቀመጣለሁ በል።»

ዴል ወደ እናቱ ዞረ፣ ከዚያ ወደ አባቱ። «እሺ፣ ምያለሁ፣ ውስጥ እቀመጣለሁ። አሁን ሸርጣኔን ልብላ?»

ሁላችንም ሳቅን። ሃርላን በዚያ ምሽት የሳቀውን ሳቅ ከዚያ በኋላ ሰምቼው አላውቅም።

ዴልን በመኸር ቀበርነው። ክንዱን በፋሻ ያንጠለጠለ የጦር ጓደኛው መጥቶ ነበር። የቀብሩ ሰው ሲበተን ሃርላንን በደህናው እጁ ጨበጠው። ምስኪን፣ ሊያጽናናው ነው።

«ፈንጂው እኛን ከጣራው ወርውሮ ጭቃ ላይ ጣለን፤ ተረፍን። ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ጣራው ላይ ና እያልን እንቀልድበት ነበር። ‹ለአባቴ ምዬለታለሁ› ይለናል። ቃሉን የሚያከብር ልጅ ነበር ጌታዬ፤ ይኩሩበት።»

ሃርላን «አመሰግናለሁ» አለ። ኦፓል ግን እጇን ከባሏ ክንድ ላይ አነሳች። ብቻዋን ወደ መኪናው ስትሄድ አየኋት።

ሃርላን ሥራ ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ።

«አንዲት ካርድ ብሺልኝ። የአቅጣጫውን።»

«ወዴት ይሁን?»

«ከሥር ወደ ላይ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዙሪያውን በሙሉ ስንል አድማሱን፣ ከጎን ከጎኑን ብቻ ማለታችን ነበር። ቢሮው የሚያስበው ጠላት ሜዳ ላይ ርቆ የቆመ መድፍ ስለሆነ፣ ከሥር ተኩሱ ያለን የለም፤ ካልተጠየቅን ደግሞ አንተኩስም። መኪናው መሬት ላይ ነው፣ መሬት ደግሞ አይተኩስም። ብዙ የተማረ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዲት ካርድ የምትመልሰውን ሳይጠይቅ ኖረ! እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

«ተው ሃርላን» አልኩት። «አሁን ምን ይጠቅምሃል?»

«ብሺው። ደግሞ ጣራው ላይ አንድ ሰው ጨምሪልኝ።»

ሌላ ኳስ፣ ሌሎች በርሜሎች በሳሁ። ማሽኑ እየተንጫጫ ወረቀቱን ተፋ። ሃርላን ቆሞ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ውስጥ በተቀመጠው ሰው በኩል ያለፉት መስመሮች ሁሉ አንድ ቃል ነበራቸው፦ ወለል፣ ሰው። ወለል፣ ሰው። ጣራው ላይ ወዳለው የሄዱት ደግሞ፦ ወለል፣ ጣራ። አብዛኞቹ እዚያው አቆሙ፤ ሰውየው ጋ አልደረሱም።

ወረቀቱን እንደ ጨርቅ በጥንቃቄ አጠፈው።

«ነግሮኝ ነበር» አለ። «ሸርጣኑን እየሰበረ ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

አይደለህም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ሃርላን ሂሳብ ያውቃል።