የሳላፋይ ቄቦችና የጎረቤት ማንጎ

ሳላፋይ እነዚያን ስድስት ቄቦች በእጇ ነው ያሳደገቻቸው። ጫጩት ሳሉ ዝናብ ሲጥል ካርቶን ውስጥ ከታ አልጋዋ ሥር ታሳድራቸው ነበር። የፊተኞቹን ዶሮዎች የመንደሩ ውሾች ለቅመው ስለጨረሱባት፣ እነዚህን ዶሮ ቤት ካላስለመድኩ ሰው አይደለሁም ብላ ምላለች። ባሏ ፌሌቲ በአሮጌ ቆርቆሮ የዶሮ ቤት ሠርቶ፣ ቆጥ አበጅቶ፣ በእነሱና በጎረቤታቸው በቲኔይ ቤት መካከል አቆመላት። መጀመሪያ ቆልፋ አቆየቻቸው። ኋላ ለቀቀቻቸውና ጀንበር ስታዘቀዝቅ የተፈቀፈቀ ኮኮናት እየበተነች መራቻቸው። ገቡ። በማግስቱም ገቡ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነበር። ዶሮ የሚሰፍርበት ሰዓትና የመንደሩ የማታ ጸሎት አንድ ላይ ነው የሚገጥሙት። የጸሎቱ መለከት የሆነው የባሕር ዛጎል ከተነፋ በኋላ፣ ዳግም እስኪነፋ ድረስ፣ ማንም ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ውጭ የተገኘ ሰው ቅጣቱ አሳማ መክፈል ነው፤ ውርደቱ ደግሞ ከአሳማው ይከብዳል። ስለዚህ ሳላፋይ የዘገየችውን ቄብ ለዕድሏ ትታ ትገባና፣ ጸሎቱ ሲያበቃ ወጥታ በሩን ትዘጋለች።

አንድ ማታ አምፖላቸው ተቃጠለና በጨለማ ጸለዩ። ከዚያ ወጥታ ብታይ ገብስማዋ የለችም። በባትሪ ስትፈልግ የቲኔይ ማንጎ ላይ ተኮፍሳ አገኘቻት። ጠዋት ደግሞ ከማንጎው ሥር የኮኮናት ፍቅፋቂ አየች።

"አየህልኝ? አባብላ ወሰደችብኝ!" አለችው ፌሌቲን።

"እዚህ መንደር ኮኮናት የማይፈቀፍቅ ማን አለ? አንቺስ አሁን ምን እየሠራሽ ነው?"

"እኔ ለዶሮዎቼ ነው።"

"እሷ ደግሞ ለወጧ ነዋ! ተይ እንጂ አንቺ ሴትዮ።"

ሳላፋይ ግን አልተዋጠላትም። ዶሮ ባደረችበት ነው የምትጥለው። እንቁላሉ ሰው ግቢ ከተገኘ በኋላ የኔ ነው ብሎ የሚሟገት ማነው? ቆይቶ ዶሮዋም እዚያው ትቀራለች። ስንት ዘመን ከቲኔይ ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው ሰሌን ሲሠሩ፣ ያንዷን ልጅ አንዷ ስታዝል ኖረዋል፤ አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በዚያ ላይ የመንደሩ ቤት ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ነው፤ ግድግዳ የለውም። ወዴት ብትዞር ቲኔይን ታያለች። አንጀቷ ሲያርር በዚያ በኩል ተጠቅልሎ የተሰቀለውን የኮኮናት ቅጠል መጋረጃ ወደ ታች ለቀቀችው። አምፖሉ ተቀየረ፤ መጋረጃው ግን አልተነሣም።

በዚያው ማታ ወሰራዋ ሄደች። ቀጥሎ ቀይዋ። ሳምንቱ ሳያልቅ ዶሮ ቤቱ ባዶውን አደረ፤ ማንጎው ሞላ።

ቧንቧው ጋ ተገናኙ። "ዶሮዎችሽ እንዴት ናቸው?" አለቻት ቲኔይ፣ ድምፅዋ ኮምጠጥ ብሎ።

"ያንቺን ያህል አላውቅም፣ እትዬ ቲኔይ።"

ቲኔይ ትክ ብላ አየቻትና ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። ሳላፋይ ይህንንም ያዘችባት። ንጹሕ ብትሆን ምን ማለትሽ ነው ብላ አትጠይቅም ነበር?

"እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛት። ዛሬ ከጸሎት እቀራለሁ" አለች ለባሏ።

"ብትያዢስ?"

"ዶሮዎቼን ከምነጠቅ ልያዝ።"

ዛጎሉ ሲነፋ ከዶሮ ቤቱ ኋላ በደረቷ ተኛች። ከየቤቱ መዝሙር ተነሣ። ቄቦቹ እየተንጎራደዱ መጡ። ገብስማዋ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች፣ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዞር አለች። ከወዲያ የቲኔይ ቤት ወለል ብሎ በርቷል፤ ብርሃኑ ማንጎው ግንድ ድረስ ደርሷል። ወደዚያው አመራች። ሌሎቹም ተከተሏት። የጠራቸው የለም። ቲኔይ ከልጅ ልጆቿ መሐል ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፣ እጇ ባዶ ነው።

መዝሙሩ አለቀና የቲኔይ ድምፅ ብቻውን ተሰማ።

"ጌታዬ፣ ሳላፋይን ምን እንዳደረግኋት አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አላውቅም። መጋረጃዋን ጣለችብኝ። ማታ ማታ ዶሮዎቿን እየላከች ያሰጣሁትን የሰሌን ቅጠል በኩስ ታስጨርስብኛለች። ልቧን አራራው። እሱ ካልሆነም ዶሮዎቹን አንድ በላቸው።"

ሳላፋይ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። ልትነሣ ስትል ክርኗ ቆርቆሮውን መታው።

"ማነው?" መንገድ ዳር ከሚጠብቁት ጎረምሶች የአንዱ፣ የሎማ ባትሪ ፊቷ ላይ ወደቀ። "እትዬ ሳላፋይ? በጸሎት ሰዓት?"

ያኔ ቲኔይ ዓይኗን ሳትገልጥ ጮክ ብላ፣

"እኔ ነኝ የጠራኋት። አብራኝ ልትጸልይ ስትመጣ ዛጎሉ ቀደማት።"

"በደረቷ እየተሳበች?"

"ጉልበቷን ያማታል። ወግድና አሳልፋት!"

ሎማ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መንገድ ለቀቀላት። ሳላፋይ ገብታ ከቲኔይ አጠገብ ቁጭ አለች። ቀና ስትል የገዛ ቤቷን አየች። ከመንደሩ ቤት ሁሉ ጨለማው እሱ ነበር። የሞተበት ወይም አገር ጥሎ የሄደ ሰው ቤት ይመስላል። እሷ ራሷ ዶሮ ብትሆን ወደዚያ አትሄድም ነበር።

"በየማታው የምናየው ይህንን ነው" አለች ቲኔይ በሹክሹክታ።

ሳላፋይ አለቀሰች። ልጆቹ በጸሎቱ ልቧ የተነካ መሰላቸው።

በማግስቱ ዛጎሉ ሳይነፋ መጋረጃውን እስከ ላይ ሰበሰበችው። ብርሃኑ ዶሮ ቤቱ በር ላይ፣ ቆጡም ላይ ወደቀ። ከጸሎት በኋላ ልትዘጋ ስትወጣ ቄቦቹ ተደርድረው ሰፍረዋል፤ ገብስማዋ ብቻ ማንጎው ላይ ቀርታለች።

"የዚህችኛዋ እንቁላል የኔ ነው!" አለች ቲኔይ ከወዲያ።

ሳላፋይ ክው አለች። ቀልዷን ይሁን ከምሯ ለማወቅ ፊቷን ማየት ነበረባትና ቀና አለች። ቲኔይ እየሳቀች ነበር።