ጓደኛው የጠፋ ካልሲ

ፍቅርተ ልጇን እቤት ስታስተምር ያልሳቀባት ጎረቤት የለም። "ምነው ፍቅርተ፣ ድንቹንም ልታስቆጥሪያት ነው?" ይሏታል። እሷም "አዎ፣ ምን አገባችሁ!" ብላ አምስት ዓመት ያልሞላትን ፋሲካን ከድንቹ ክምር ፊት ቁጭ ታደርጋታለች። ትልቁ ወደዚህ፣ ትንሹ ወደዚያ፣ የበሰበሰው ወደ ውጭ። ሽንኩርት ሲላጥ ቁጥር ነው፤ ልብስ ሲታጠፍ ቀለምና ልክ ነው። ልጅቱ "ለምን?" ካለች ፍቅርተ የያዘችውን ሥራ ትታም ቢሆን ትመልስላታለች።

ይኸ እንዲያው የመጣ አይደለም። ፍቅርተ ስድስተኛ ክፍል ሳለች አጎቷ "ይቺ ድንጋይ ራስ ናት፣ አይገባትም" ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀራት። የሚያሳዝነው ደግሞ እሷም አመነችው። እንደሚገባት ያወቀችው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ፋሲካን የታቀፈች ዕለት ግን ማለች፦ ይቺ ልጅ ዓይኗ ያየውን "አላየሽም" ሲሏት እሺ የምትል አትሆንም።

ባሏ ይሻው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከደብረ ታቦር በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር ይመላለሳል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን "መኪናው ተበላሸብኝ" ብሎ ሐሙሲት ያድራል። ፍቅርተም አይከፋትም። ሐሙሲት አማረች አለች እኮ! የልጅነት ጓደኛዋ፣ ፋሲካን ክርስትና ያነሳች፣ ኋላም አረብ አገር ሠርታ ተመልሳ ሻይ ቤት የከፈተች። አበልጅ ደግሞ በእኛ አገር የዋዛ ነገር አይደለም፤ አበልጁን በሌላ ዓይን ያየ፣ እኅቱን እንዳየ ነው የሚቆጠረው። ዓምና አማረች ወንድ ልጅ ስትወልድ፣ ገንፎውን ያገነፋችው፣ ወገቧን ያሸችው ፍቅርተ ናት። "አባቱን አትጠይቂኝ፣ ከድቶኝ ጠፋ" ብላ ስታለቅስም "የከዳሽ አይቅናው!" ብላ አብራት አልቅሳለች። አይ ሞኝነት!

ዘንድሮ ለቡሄ ይሻው ልጅቱን "የክርስትና እናቷን ሙልሙል ትብላ" ብሎ ሐሙሲት ወሰዳት። አድረው በማግስቱ ተመለሱ። እሷን ከደጅ አውርዶ መኪናውን ሊያሳጥብ ሄደ።

ፍቅርተ የደረቀውን ልብስ ዘርግታ ስታጣጥፍ ነበር። ፋሲካ እየሮጠች ገባችና ከሙልሙሏ ፌስታል ውስጥ አንድ አረንጓዴ ካልሲ መዘዘች።

"እማዬ፣ ጓደኛውን አገኘሁት!"

የይሻው ካልሲ ነው። ፍቅርተ አረንጓዴ ክር አጥታ ተረከዙን በቀይ የጠቀመችው፣ አንዱ ከጠፋ ወር ያለፈው።

"የት አገኘሽው?"

"እትዬ አማረች ጓዳ። ዝናብ ስለሆነ የልብስ ማስጫውን ገመድ ጓዳ ነው ያሰሩት። ተረከዙን አየሁትና አወቅሁት!" ጣቶቿን ዘረጋች። "ልብሱንም ለየሁት። የአባዬ ሸሚዝ፣ የአባዬ ሱሪ፣ የአባዬ ፒጃማ። የእትዬ አማረች ቀሚስ። የሕፃኑ ትንንሽ። የሦስት ሰው ነው!"

ፍቅርተ ያጣጠፈችው ልብስ ላይ ተቀመጠች። ወይ አማረች! ወይ እኔ! ያን ገንፎ በእጄ ነው ያማሰልኩት፤ የረገምኩትም የገዛ ባሌን ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ማንን ትጥራ? እስከዛሬ ሆድ ሲብሳት የምትጠራው አማረችን ነበር።

"ትክክል ነኝ?" አለች ፋሲካ፣ እንደወትሮው ጎበዝ መባሏን እየጠበቀች።

ፍቅርተ አንድ ሸሚዝ አንስታ ማጣጠፍ ጀመረች። በዚያች ቅጽበት ዝም ለማለት ቆርጣ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻልሽ ነበር አትበሏት። ለብቻዋ የት ትሄዳለች? ካልሲውን ከጓደኛው ጋር ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ብትከተው፣ ቤቷ ቤት እንደሆነ ይቆያል። ስንቷ ሴት እንዲህ ውጣው ኖራለች።

ይሻው ለምሳ መጣ። ፋሲካ ገና ከበሩ ነገረችው፤ ካልሲውን አሳየችው፣ ልብሱን ደግማ ቆጠረችለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ግን ሳቀ።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ይቺን ደግሞ አምነሽ እንዳትቀመጪ" አላት ፍቅርተን። ከዚያ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለ። "ፋሲ፣ የእኔ ልብስ እዚያ ምን ይሠራል? የሻይ ቤቱ ደንበኛ ልብስ ነው። ተሳስተሻል።"

"ተረከዙ ቀይ ነው እኮ አባዬ።"

"ስንቱ ካልሲ ቀይ ክር አለው! ገና ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም። አላየሽም በቃ።"

ፋሲካ ካልሲውን አየች፣ አባቷን አየች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። "እሺ፤ አላየሁም" አለች።

ፍቅርተ የደነገጠችው ያኔ ነው። ባሏ ከድቷታል፣ አበልጇ ከድታታለች፤ እሱን ልትውጠው ነበር። ይኸኛው ግን አልዋጥ አላት። አጎቷ ሞቶ ተቀብሯል ስትል፣ ለካ ከቤቷ አግብታው ኖሯል!

"አይተሻል!" አለች ብድግ ብላ። "ልጄ፣ አልተሳሳትሽም። ካልሲው የአባትሽ ነው። ሸሚዙም፣ ሱሪውም የአባትሽ ነው። ሦስት ያልሽውም ሦስት ነው።"

"ፍቅርተ፣ በእመቤቴ!" አለ ይሻው። "ልጅ ፊት?"

"አንተስ በልጅ ፊት አይደል የዋሸኸው? በልጅ ፊት ይለይልሃል!"

ፋሲካ እንባዋን በእጇ ጠረገች። ስታስብ እንደልማዷ ግንባሯን ቋጠረች። "እማዬ፣ ሕፃኑስ ታዲያ የማን ነው?"

ይሻው "ተዪው፣ እባክሽ ተዪው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፍቅርተ ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቱ ጠይቃት ሳትመልስላት የቀረችው ነገር የለም።

"የአባትሽ ነው፤ ወንድምሽ ነው።"

ፋሲካ ፊቷ በራ። "ወንድም አለኝ?" ብላ ዘለለች። አጨበጨበች። "ወንድም አለኝ! ወንድም አለኝ!" እያለች በሩን በርግዳ ወደ ጎረቤት ሮጠች።

"ያዣት!" ብሎ ጮኸ ይሻው።

ፍቅርተ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።