የስኳሩ ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋን ስኳር በሽታ ከያዛት ስምንት ዓመት ሆኗታል። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተደብቃ ጣፋጭ ቀምሳ አታውቅም። ይህን የሚያምን ግን ከእሷ በቀር ሰው ጠፋ።

ካለፉት አራት ወራት ወዲህ የደሟ ስኳር አልወርድ ብሏል። መድኃኒቱ ተጨመረ፤ ስኳሩም ጨመረ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ "እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጣፋጭ ነገር ይቀማምሳሉ አይደል?" ሲላት አጠገቧ የቆመችው ልጇ አንገቷን ደፋች። ሴትዮዋን ያንገበገባት የሐኪሙ ጥያቄ ሳይሆን የልጇ አንገት መድፋት ነው። የወለደቻት እንኳ አላመነቻትም።

የዚያኑ ቀን ልጅቷ ስኳሩን፣ ማሩንና ብስኩቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አጠለቀች።

"እማዬ፣ ለራስሽ ብዬ ነው፤ አትቀየሚኝ።"

"አልቀመስኩም ብያለሁ፤ አልቀመስኩም።"

ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት በገዛ ቤቷ ሌባ ተባለች። ይሄ ካላናደደ ምን ያናድዳል?

ልብስ ሰፊዋ መቀሱ አጠገቧ እያለ ክር በጥርሷ የምትበጥስ ሰው ናት። አንድ ማለዳ የነጭ ሸሚዝ እጅጌ ጨርሳ ክሩን ነከስ ስታደርገው ጫፉ ቀይ ሆኖ ወጣ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ድዷ መድማት ከጀመረ ወራት አልፎታል፤ እርጅና ነው ብላ ትታው ነበር። አሁን ግን ሸሚዙን አስቀምጣ አሰበች። ያን ጊዜ የእግሬ ጣት ሲቆስል ስኳሬ ሰማይ ነክቶ አልነበረም? ቁስሉ ነው ያስጨመረው ብለውኝ የለ? ታዲያ ድዴ የኔ ገላ አይደለም?

በማግስቱ ክሩን በወረቀት ጠቅልላ፣ ልጇን አስከትላ ሐኪሙ ፊት ቁጭ አለችና ደም የነካውን ክር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ዶክተር፣ አራት ወር ሙሉ እግሬን አዩ፣ ዓይኔን አዩ። አፌን ግን ጠረጠሩት እንጂ አላዩትም። ዛሬ ካላዩት ከዚህ ወንበር አልነሳም።"

"ጥርስ የሚታየው ሌላ ክፍል ነው፣ እናቴ።"

"ክፍሉ ሌላ ይሁን፤ ደሜ ግን አንድ ነው።"

ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ያጉረመርማል፤ ልጇ በሀፍረት ክንዷን ትጎትታለች፤ እሷ ወይ ፍንክች። ሐኪሙ ቢቸግረው ባትሪ አብርቶ አየ። ያበጠውን ድድ እንዳየም ራሱ ይዟት ወደ ጥርስ ክፍል ሄደ።

የጥርስ ሐኪሟ ድዷን በቀጭን ብረት ጫን ስታደርገው መግል ወጣ።

"ይህን ተሸክመው ስኳሩ እንዴት ይውረድ?" አለች። "ስኳሩ ድዱን ይጎዳል፤ የታመመ ድድ ደግሞ መልሶ ስኳሩን ያስጨምራል።"

"ድዴን መናቄ ጥፋቴ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ልጇን እያየች። "ያላጠፋሁትን ግን አልቀበልም።"

ሁለት ጥርስ ተነቀለ፤ የቀረው ከሥር ከሥሩ ተጠረገ፤ ጠዋትና ማታ መቦረሽም ግዴታ ሆነ። ከሦስት ወር በኋላ ስኳሯ ወረደ። ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቃት። ልጇም ቤት እንደገቡ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችላት።

ይቅር አለቻት፤ ልጅ ናትና። ቁልፉን ግን ተቀብላ በራሷ አንገት ላይ አጠለቀችው። ልጅቷ ሻይ ቀድታ ስኳር ስትጠይቃት፣ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ መነጽሯን አስተካከለች።

"መጀመሪያ አፍሽን ክፈቺ።"