የቀስቷ አቅጣጫ

የፊዚክስ መምህሩ «ሰበቃ፣ ማለትም ፍሪክሽን፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው» እያለ ሃያ ዓመት አስተምሯል። ስለዚህ ልጁ በቤት ሥራዋ ላይ ከሚራመድ ሰው ጫማ ሥር የሰበቃዋን ቀስት ወደ ፊት ስላ ስታሳየው፣ ሳያቅማማ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘባት።

«ግን አባዬ፣ እግሩ መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፋ መሬቱ እኮ እሱን ወደ ፊት ይገፋዋል።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!»

ወዲያው ሚስቱ ቁም ሣጥኑን ወደ ግድግዳው እንዲያስጠጋላት ጠራችው። ወለሉን ጠዋት በሰም ወልውላዋለች። መምህሩ በካልሲ እንደሆነ ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ። ቁም ሣጥኑ ወይ ፍንክች! ወደ ኋላ የሄደው እሱ ራሱ ነው፤ ሲደግም ደግሞ በደረቱ ተዘረጋ።

«ጫማህን አድርግ እንጂ፣ መምህር!» አለች ሚስቱ፣ ሳቋን ለመዋጥ እየታገለች።

ጫማውን አድርጎ ሲገፋ ቁም ሣጥኑ እሺ ብሎ ሄደ። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያማ የኖረው ወደ ፊት የሚያራምደውን ሰበቃ ኖሯል! «እንኳን ደስ አለህ፣ ሊቁ!» አለ ለራሱ።

ዞር ሲል ልጁ ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ እስከ ዛሬ የስንት ልጅ ቀስት ሰርዘሃል?»