ጀማሪውና ደወሉ

ጸጉር አስተካካዩ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይወዳል፤ ጌምና አንዲት መነጽር ቤት የምትሠራ ልጅ። ጌሙን ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ ታይቶ አይታወቅም። ልጅቷን ደግሞ ሊያገባት ቆርጧል። ሁለቱ ፍቅሮች ተገናኝተው የተጣሉት በገዛ የሥራ ወንበሩ ላይ ነው።

እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጸጉሩን ብቻ ተቆርጦ አይሄድም። ጸጉር አስተካካዩ ሰሞኑን ምን እንደተጫወተ፣ ምኑ እንደጣመውና ምኑ እንዳናደደው ሳይጠየቅ ያወራለታል። ጌም የሚባል ነገር ነክተው የማያውቁ ደንበኞች ሳይቀሩ ወሬው ስለሚጥማቸው ጸጉራቸው ሳያድግ ይመጣሉ።

«አንድ የእስረኛ ጌም ጀምሬ ነበር» ይላል ቶንዶሱን እያስነሳ። «ሰውየው ዋሻ ውስጥ ዐሥር ዓመት ታስሮ ያመልጣል። አሠራሩ ግሩም ነው፤ ዝናቡ ሲዘንብ አንተም ጃኬት ያምርሃል። ግን ማጅራቱን አየሁት። ዐሥር ዓመት ዋሻ የከረመ ሰው እንደ ሙሽራ ተከርክሟል! ማን ቆረጠለት? ጠባቂው? እንዲህ አሳምሮ የሚቆርጥ ጠባቂ ካለውማ ለምን ያመልጣል? ተውኩት።»

ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ዓሣ የማጥመድ ጌም ያዝኩ። ሐይቅ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ትጠብቃለህ፤ በቃ። መጀመሪያ የሠራውን ሰው ሰደብኩት። በኋላ ልብ ስል ትከሻዬ ወርዷል፣ ጥርሴን መንከሴን ትቻለሁ። ምንም ሳይዙ መዋል እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።»

«ጨረስከው?»

«ኧረ! አንድ ትልቅ ዓሣ ቀርቶኛል። ይቆየኝ፤ ከሐይቁ ወጥቶ የት ይሄዳል?»

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ምራቅ የዋጠ፣ ረጋ ያለ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ብዙም የሚቆረጥ ጸጉር የለውም። ጸጉር አስተካካዩ ግን ሰሚ አገኘሁ ብሎ ስለ እስረኛው፣ ስለ ዓሣው፣ መብራት ጠፍቶ ጭራቅ ሲመጣበት ጥሎት ስለሸሸው ባዶ ሆስፒታል ሁሉንም አወራለት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የጨረስከው የለም ማለት ነው?» አለ ሰውየው በመስተዋቱ ውስጥ እያየው።

«አንድም የለም!» አለ ጸጉር አስተካካዩ በኩራት። «የሚጥመው መጀመሩ ነው።»

ሰውየው አመስግኖ ወጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ጸጉር አስተካካዩ እያፏጨ ወለሉን ሲጠርግ፣ ስሙ ሌላ ቤት ሄዶ ይከረከም ነበር። ያ ሰው የልጅቷ አጎት ነው። የወደፊቱን ሙሽራ ጠባይ አይቶ እንዲመጣ የላከችው እህቱ፣ የልጅቷ እናት ናት።

«ልጁ ባለሙያ ነው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ጨዋታ ያውቃል» አለ አጎት። «ግን የጀመረውን አይጨርስም። ራሱ ነው የነገረኝ።»

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፎቅ ላይ ባለች ቤታቸው ከአንድ ልጇና ከስፌት መኪናዋ ጋር ትኖራለች። የሰውን ገበና ይቅር ትላለች፤ ጫፉ ሳይታሰር የቀረ ክር ግን ይቅር ብላ አታውቅም። በማግስቱ ጸጉር አስተካካዩን አስጠራችው።

«ጌም ትጫወታለህ አሉ» አለችው ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

«አልፎ አልፎ፣ እትዬ።»

አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ድንገት ሳል ያዛት።

«ጀምረህ ትተዋለህም አሉ።»

«ጌም እኮ ነው እትዬ! ልጅዎን እንደዚያ አላደርግም።»

«ሱሪ ጀምሮ፣ አንድ እግር ሰፍቶ የተወ ሰው ካፖርት ልስፋልህ ቢልህ ጨርቅህን ትሰጠዋለህ?»

ወደ ልጅቷ ቢያይ እሷም ጣራ ጣራውን ታያለች።

«አንዱን ጨርሰህ አሳየኝ» አለች እናትየው። «እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ። ያን ዕለት ልጄን መርቄ እሰጥሃለሁ።»

ሰኞ ሰኞ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ማጫወቻውን ታቅፎ መጣና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። በአንድ በኩል ሶፋው፣ በሌላ በኩል የስፌት መኪናው፣ በመሃል የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ቆሟል፤ አሻንጉሊቱ የለበሰው የልጅቷን የሠርግ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የታችኛው ጠርዝ ብቻ በእስፒል ተይዞ ቀርቷል።

ይዞት የመጣው ሰሞኑን ተናዶ የተወውን ጌም ነበር። አንዲት ልጅ ከባድ ደወል በጀርባዋ አዝላ ተራራ ትወጣለች። ጫፉ ላይ ደወሉ የጠፋበት መንደር አለ፤ ማማው ላይ ልትሰቅለው ነው። መንገዱን የሞሉት አውሬዎች ተኝተዋል። ልጅቷ ከሮጠች ደወሉ ይንቃጨላል፤ ሲንቃጨል ይነቃሉ፤ ከነቁ እያንከባለሉ ወደ ታች ይመልሷታል። ለደንበኞቹ የሰጠው አስተያየት አጭር ነበር፦ «ልጅቷ ታምራለች፣ ተራራው ያምራል፣ ደወሉ ግን ጨጓራ ነው።»

እናትየው እንደ ዳኛ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች በመነጽሯ አናት ታየዋለች። እሱ ይሮጣል፣ ይንቃጨላል፣ ይንከባለላል። እንደገና ይሮጣል።

«ምን ያስሮጥሃል?» አለች በመጨረሻ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«ቀላል ይመስላል እንጂ...»

«አፈር ስሆን ቀስ በል! እየው፣ ነቃ!»

«እንግዲያውስ ይሞክሩት» ብሎ ጆይስቲኩን አቀበላት፤ ለቀልድ ነበር።

ሴትየዋ ቁልፉን አስቀምጣ ተቀበለችው። የትኛው ምን እንደሚሠራ አስጠናት። ከዚያ ያ ሐር ጨርቅ በመርፌ ሥር ሳይጨማደድ የሚያሳልፍ እጅ ባለደወሏን ልጅ በተኛው አውሬ አፍንጫ ሥር ይዟት አለፈ። ደወሉ ትንፍሽ አላለም። የሴትየዋ ቀኝ እግር ወለሉን በቀስታ ይረግጣል፤ የሌለ ፔዳል ላይ መሆኑ ነው። ጸጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ማጫወቻውን እዚያው ትቶት ይሄድ ጀመር፤ ሥራም ተከፋፈሉ። መዝለልና መታገል የእሱ፣ ቀስ ብሎ ማለፍ የእሷ። ሰኞ በመጣ ቁጥር ከደረጃው ጀምሮ ድምፃቸው ይሰማል። እሱ «ጸጉሯ ንፋስ አይነካውም፤ ምን ተቀብታ ነው?» ሲል እሷ «ጸጉሯን ተወው፣ ይህን ቀሚስ የሰፋላት ማን ነው? ብብቷ ሥር ተሸብሽቦ እንዴት ነው እጇን የምታነሳው?» ትላለች። አልፋ ተርፋ የደንበኛ ወገብ እየለካች «ሰኞ ዕለት አንድ ጭራቅ በጆሮው ሥር አለፍኩት» ማለት ጀመረች። ደንበኛዋ ስለ አንድ ክፉ የቢሮ ዘበኛ የምታወራ መስሏት አዘነችላት።

ጸጉር አስተካካዩ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎታል። ሴትየዋን ፈርቶ መጥቶ ወዷት አረፈ።

ታዲያ ማማው ከሩቅ መታየት ሲጀምር ነገር መበላሸት ጀመረ። አንድ ሰኞ «ሻይ ጥጄ ረሳሁ» ብላ ተነሥታ በዚያው ቀረች። ሌላ ሰኞ ራሷን አመማት። ሌላ ሰኞ ደግሞ «ታች መንደር ያለችው አሮጊት አበባ አምጡልኝ ብላ ነበር፤ ቃላችንን አጥፈን ልንሄድ ነው? እንውረድ» አለች። ያን ሁሉ ተራራ ወርደው፣ አበባ ቀጥፈው፣ ሰጥተው ተመለሱ። ሥራው ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ልጅቷ ከሥራ እየመጣች «አለቀ?» ትላለች። «ትንሽ ቀረን» ይላታል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ እየቆየ ፈገግታዋ አጠረ።

ማማው በር ላይ በደረሱበት ሰኞ ጆይስቲኩ አልነሣ አለ። ጸጉር አስተካካዩ ገልብጦ ቢከፍተው ባትሪ ድንጋዮቹ የሉም።

«እትዬ፣ ባትሪዎቹን አይተዋቸዋል?»

«እኔ? አይቻቸው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

በዚህ መሃል ደንበኛ አንኳኳ፤ እሷ ወደ በሩ ሄደች። ጸጉር አስተካካዩ የሸሚዙ እጅጌ ላይ የተንጠለጠለች ክር አየና ልቁረጣት ብሎ መቀስ ፍለጋ የክሮቿን ጣሳ ከፈተ። ከጥቅል ክሮቹ ሥር ሁለቱ ባትሪ ድንጋዮች በቁራጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

ቀና ሲል ከፊቱ ያ ቀሚስ ቆሟል። ጠርዙ አሁንም በእስፒል እንደተያዘ ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ያያቸው እስፒሎች፣ በዚያው ቦታቸው። ይቺ ክር ጫፍ የማታልፍ ሴት አንዲት ጠርዝ ይህን ያህል ጊዜ አስቀምጣለች። ያን ጊዜ ገባው። ጌሙ ሲያልቅ ልጇ ትሄዳለች፤ ከልጇ ጋር ሰኞም ይሄዳል። ሴትየዋ ብቻዋን መቅረት ፈርታ ነው። አንጀቱን በላችው። ጣሳውን እንደነበረ ከደነው።

«አጣኸው?» አለች ስትመለስ፣ ዓይኗን ጣሳው ላይ ሳታሳርፍ።

«አጣሁት፣ እትዬ። ለሚመጣው ሰኞ ገዝቼ እመጣለሁ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ሁለቱም ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ።

ልጅቷ ከሥራ ገብታ እንደ ልማዷ ጠየቀች። እንዳላለቀ ስትሰማ ተከትላው ወደ ደረጃው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች። «አስቸጋሪውን እናቴ ታሳልፍልሃለች፤ ያንተ ሥራ መጨረስ ብቻ ነው። እሱም ከበደህ?»

«ትንሽ ነው የቀረን።»

«ሁልጊዜ ትንሽ ነው የሚቀርህ! ዓሣውም አንድ ነው የቀረህ! አጎቴ ያለው እውነት ነው እንዴ? እኔንስ ጀምረህ ልትተወኝ ነው?»

እሱ ሁለት ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፤ «ጣሳው ውስጥ» ብሎ ሊገላገል። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በተገረበበው በር ሥር የእናትየውን የቤት ጫማ ጫፍ አየ። ጫማው አይንቀሳቀስም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «መጨረሻው ጋ ስደርስ እፈራለሁ። ሲያልቅ የምገባበት ቤት የተዘጋብኝ ይመስለኛል።»

ይህ ደግሞ ውሸት አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ግን ለራሱም ነግሮት አያውቅም።

«እንግዲያው ስትፈራ ኑር» አለችና ገብታ በሩን ዘጋችበት።

ያን ሳምንት ስልኩን አላነሣችለትም። ጸጉር ቤት «ሰሞኑን ምን ተጫወትክ?» ሲሉት «ምንም» ይላል። ደንበኞቹ ጸጉራቸውን ብቻ ተቆርጠው ሄዱ፤ አንዱማ አሞት ነው ብሎ ብርቱካን ይዞለት መጣ።

ሰኞ ሲደርስ አዲስ ባትሪ ድንጋይ በኪሱ ይዞ መንገድ ገባ። መባረርም ካለ ባትሪውን ሰጥቶ መባረር ይሻላል ብሎ ነው። የፎቁ መግቢያ ላይ ከልጅቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ሥራ አልገባሽም?»

«እናቴ ደውላ አሁኑኑ ነይ አለችኝ። አንተ ያስጠራኸኝ መስሎኝ ነበር።»

ተኳርፈው ጎን ለጎን ደረጃውን ወጡ። የቤታቸው በር ጋ ሊደርሱ ሲሉ ከውስጥ ደወል ተሰማ። ያ ጨጓራው ቅጭልጭልታ አይደለም። ሙሉ፣ ወፍራም፣ ግድግዳውን አልፎ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ይህን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም፤ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ደወሉ ተሰቅሏል። ሳያንኳኳ በሩን ገፋው።

ሲገቡ እናትየው ሶፋው ላይ ናት። ቀኝ እግሯ አሁንም ወለሉን ረግጦ ይዟል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ ይጎርፋል፤ ጉንጮቿ ርሰዋል።

«ስንት ሰው ነው የለፋበት!» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ስማቸው አያልቅም።»

«እትዬ፣ ብቻዎን ጨረሱት?»

«ጨረስነው በል።» ወደ ልጇ ዞረች። «ዓይኔን ግንባር ሳያደርገው ልናገር። ባትሪውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሻዩም እኔ ነኝ፣ ራስ ምታቱም እኔ ነኝ፣ አበባውም። እሱ አውቋል። የጣሳዬን ክዳን ማን እንደነካው አላጣውም። ደረጃው ላይ ስትጮሂበት እኔን አሳልፎ ከሚሰጥ ያንቺን ቁጣ ጠጣ። ጀምሮ የማይጨርስስ እኔ ነኝ፤ ያውልሽ ጠርዝሽ።»

ልጅቷ ወደ ቀሚሱ አየች፣ ወደ እሱ አየች፣ ከዚያ የምትይዘው ብታጣ የእናቷን አንገት ይዛ አለቀሰች። ጸጉር አስተካካዩ እንባውን በእጅጌው ጠረገና የተቆረጠ ጸጉር ገባብኝ አለ፤ ጸጉር ቤቱ በዚያ ቀን ዝግ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ።

«በሉ ተዉኝ» አለች እናትየው ተነሥታ። ቀሚሱን ከአሻንጉሊቱ ላይ አወለቀችና መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ጠርዙን ሰደደችው፤ በዚህ ጊዜ እግሯ የረገጠው እውነተኛ ፔዳል ነበር።

ጸጉር አስተካካዩ ዝም ብሎ ከመቆም ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደና የማጫወቻውን ገመድ መንቀል፣ መጠቅለል ጀመረ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች እናትየው ከጨርቁ ቀና ሳትል። «እሱን ተወው። ውሰድ ያልኩህ ልጄን ነው። ለሰኞ ደግሞ ያን የዓሣውን ይዘህ ና፤ አንድ ዓሣ ቀርቶኛል ስትል አልነበር?»

ገመዱን ወደ ቦታው መለሰው።

«እሺ፣ እማዬ» አለ። «ግን ቶሎ አንይዘውም።»