የግራ ጎማው ምልክት

ጋሽ ሕሩይ መኪናቸውን ለመካኒክ ሰጥተው ቤታቸው የሚገቡ ሰው አይደሉም። ቡፎርድ ሃይዌይ የሚገኘው የስለሺ ጋራዥ ደጃፍ ላይ፣ ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ሁለት ቀን ሙሉ ተጎለቱ። ድሮ አዲስ አበባ አንድ መካኒክ አዲሱን የፍሬን ሸራ በአሮጌ ለውጦባቸው ያውቃል። ያችን ቂም ውቅያኖስ አሻግረው ይዘዋት መጥተዋል።

ኮሮላዋ የሰማንያ ሁለት ሞዴል ናት። ልጃቸው ሚካኤላ ሰኞ አዲስ ሥራ ትጀምራለች፤ በዚያ መከረኛ ሃይዌይ በየቀኑ የምትመላለሰው በእሷ ነው። የኋላው ሾካብዞርበር፣ ሞላውም ፍሬኑም አዲስ እንዲሆን ብለው ዕቃውን ራሳቸው መርጠው ገዝተዋል።

ስለሺ ግን አላማራቸውም። ስልክ ሲደወልለት ወደ ጓዳ ይገባል። አሮጌውን ሞላ ሲያወልቅ ደግሞ «ይሄ እንኳን ገና ነበር» አለ። ለማን አስቦት ነው?

«ጋሽ ሕሩይ፣ ቤትዎ ገብተው ይረፉ እንጂ። ስጨርስ ኮል አደርግልዎታለሁ።»

ጭራሽ ጠረጠሩ። «እዚሁ አየሩ ይስማማኛል» አሉት፣ የተቃጠለ ዘይት እየሸተታቸው።

ቅዳሜ ስለሺ ምሳ ሊገዛ ወጣ። አዲሶቹ ሸራዎች ተገጥመዋል፤ የሚከደኑበት ታምቡር ግን ገና አልገባም። ጋሽ ሕሩይ ከሚካኤላ መኝታ ቤት ያነሷትን ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪሳቸው አወጡ። ቢቀየርባቸው እንዲያውቁት የግራውን ሸራ ጎልቶ የሚታየውን ፊቱን ደህና አድርገው ቀቡት። ወደ ቀኙ ሲዞሩ የስለሺ ኮቴ ተሰማ። ብልቃጧን ደብቀው እንደ ጻድቅ ተቀመጡ። ስለሺም ስልክ እያወራ፣ ሸራዎቹን ዳግም ሳያይ ታምቡሮቹን ከደነ፤ ማታ መኪናዋን አስረከባቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሚካኤላ መኪናዋን ልትሞክር ወጣችና ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች።

«ዳዲ፣ ፍሬን ስይዝ ኋላው ወደ ጎን ይሄዳል! ትራፊክ ላይት ላይ እኮ ሴትዮ ልገጭ ነበር።»

ጋሽ ሕሩይ ክው አሉ። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጥርጣሬያቸው ልክ ሆኖ መገኘቱ ትንሽ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ወዲያው ደወሉ። ስለሺ የሰንበት ነጭ ልብሱን እንኳን ሳይቀይር መጥቶ ጋራዡን ከፈተ።

«ሌባ! ልጄን ልትገድላት ነበር! አሮጌ ነው የገጠምክባት!» ብለው ጮኹበት።

ስለሺ ክሪክ አስገባና የቀኙን ታምቡር አወለቀ። ሸራው ንጹሕ ነው። የግራውን አወለቀ። ሸራው ላይ ቀይ ነገር ተቃጥሎ ተጋግሯል።

«ቀለም! ሸራ ቀለም ከነካው እኮ እንደ ሌላው እኩል አይዝም። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ሚካኤላ ጎንበስ ብላ ሸራውን አየች። ከዚያ ጥፍሯን አየች።

«ዳዲ… ይሄ የኔ ነይል ፖሊሽ ነው።»

ጋሽ ሕሩይ ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ሴትዮዋ፣ ላይቱ፣ የልጃቸው አመድ የመሰለ ፊት አንድ ላይ መጡባቸው። እፍረቱ አንገታቸው ድረስ አቃጠላቸው።

ስለሺ እጅጌውን ጠቅልሎ የተበላሸውን ሸራ መፍታት ጀመረ።

«ወንበርዎን ያምጡና ይቀመጡ፣ ጋሽ ሕሩይ» አላቸው ቀና ሳይል። «ከእንግዲህ እኔም ምሳ አልወጣም።»